ጥያቄና መልስ፦ «ከጂን ለውጥ የመጣ ነው» የተባለው ቱመር ለልጆቼ ይተላለፋል?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ የ41 ዓመት ሴት ነኝ። ሦስት አይነት የደም ግፊት መድኃኒት እየወሰድኩ ግፊቴ አልወርድ ብሎኛል፣ ፖታሺየሜም ሁሌ ዝቅ እያለ ማታ ማታ ባቴን ጭምድድ ያደርገኛል። በቅርቡ ሲቲ ስካን ተነስቼ ግራ አድሬናሌ (ኩላሊት አናት ላይ ያለችው ሆርሞን አመንጪ እጢ) ላይ 1.4 ሴንቲ ሜትር ቱመር ተገኘ። ካንሰር አይመስልም፣ ግን አልዶስትሮን የሚባል ሆርሞን ከመጠን በላይ ያመርታል ብለውኛል። ሐኪሜ ደግሞ «እንዲህ አይነቱ ብዙ ጊዜ ከጂን ለውጥ ነው የሚመጣው» ሲለኝ እንቅልፍ አጣሁ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። ደሞ ይቺን የምታክል ነገር እንዴት ይሄን ሁሉ ታደርጋለች?

መልስ፦ ስለልጆችዎ ልጀምር፣ የመተላለፍ እድሉ በጣም ጠባብ ነው። ሐኪምዎ ያሉት የጂን ለውጥ ብዙ ጊዜ አብረውት የተወለዱት አይደለም፣ ካደጉ በኋላ አድሬናል ውስጥ አንድ ሴል ላይ የተፈጠረ ነው፣ ያ ሴል ተባዝቶ ተባዝቶ ቱመር ሆነ፣ ለውጡም እዛው ቱመሩ ውስጥ ቀረ። ለልጅ የሚተላለፈው እንቁላል ውስጥ ያለው ነው፣ ይሄ ደግሞ እዛ የለም።

አሁን ወደ ሆርሞኑ። ሁሉም ሴሎቻችን የያዙት ጂን ያው አንድ አይነት ነው፣ ልዩነቱ የትኛው ይሰራል የትኛው ዝም ብሏል የሚለው ላይ ነው። አልዶስትሮንን የሚያመርተው ኢንዛይም ሲዋይፒ11ቢ2 ከሚባል ጂን ነው የሚሰራው፣ እሱም በጤናማ ሰው አድሬናል ውስጥ የሚሰራው የውጨኛው ስስ ሽፋን ላይ ብቻ ነው፣ ያውም ሲታዘዝ። ትዕዛዙ የሚመጣው ወይ ደም ግፊት ሲወርድ ኩላሊት ሬኒን የሚባል መልዕክተኛ ለቆ ነው ወይ ደግሞ ደም ውስጥ ፖታሺየም ሲበዛ። ሌላ ጊዜ ሴሉ ፖታሺየም ብቻ በሚያሳልፉ በሮቹ ፖታሺየም እያስወጣ ጸጥ ብሎ ይቀመጣል።

በ2011 እ.ኤ.አ. የታወቀው ነገር፣ ከእነዚህ ቱመሮች ወደ 40 በመቶ በሚሆኑት ውስጥ ከነዚህ በሮች አንዱን የሚሰራው ኬሲኤንጄ5 የሚባል ጂን ተበላሽቶ መገኘቱ ነው፣ በሴቶች ላይ ደግሞ ይበዛል። በሩ ሶዲየምንና ፖታሺየምን መለየት ያቆማል፣ እንደሰከረ ዘበኛ የመጣውን ሁሉ ያስገባል። ሶዲየም ሲገባ የሴሉ የኤሌክትሪክ ሚዛን ይዛባል፣ ከዛ የካልሲየም በሮች ይከፈታሉ፣ ካልሲየም ደሞ ያንን ሲዋይፒ11ቢ2 ቀንና ሌሊት ያሰራዋል። ማንም ሳያዝ! ለዛ ነው ምርመራዎ ላይ ሬኒን ወርዶ አልዶስትሮን ከፍ ብሎ የሚገኘው፣ ኩላሊትዎ ማዘዝ አቁሟል ቱመሩ ግን አልሰማም። አልዶስትሮን ኩላሊትን ጨው እንዲይዝና ፖታሺየም በሽንት እንዲያስወጣ ስለሚያደርግ ግፊቱም የባትዎ ጭምደዳም ከዚሁ ነው።

«ትንሽ ናት ምንም አትልም» የሚሉ ሰዎች አሉ፣ እኔ አልስማማም። መጠን የሚታየው በዋናነት ለካንሰር ስጋት ነው፣ ሆርሞን የሚያመርት ግን 1 ሴንቲ ሜትርም ሳይሞላ ልብና ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል።

በዘር የሚመጣ አይነትም አለ፣ ብርቅ ነው እንጂ። በ1992 እ.ኤ.አ. የተገኘው አንዱ፣ 8ኛው ክሮሞዞም ላይ ጎን ለጎን ያሉ በጣም የሚመሳሰሉ ሁለት ጂኖች ተጣብቀው አንድ ቅይጥ ጂን ሲሆኑ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ቤተሰብ ውስጥ 40 ዓመት ሳይሞላው ስትሮክ የመታው ወይም 20 ዓመት ሳይሞላው እንዲህ አይነት ግፊት የጀመረው ሰው ካለ ለሐኪምዎ ይንገሩ፣ የደም የጂን ምርመራ ያስፈልጋል።

ኦፕራሲዮን ከታሰበ አስቀድሞ ከሁለቱም አድሬናሎች ደም ስር የደም ናሙና መወሰድ አለበት። በእርስዎ እድሜ ሲቲው ላይ የታየው ቱመር ምንም የማያመርት ሆኖ ጥፋተኛው የቀኙ ሊሆን ይችላል፣ ዝም ብሎ ግራውን ማውጣት ቁማር ነው። ሁለቱም የሚያመርቱ ከሆነ ኦፕራሲዮኑ ይቀርና ስፓይሮኖላክቶን በሚባል መድኃኒት መቆጣጠር ይቻላል።

ጥያቄ (ከሌላ ጠያቂ)፦ የወንድሜ የአድሬናል ቱመር አድሬናሊን ነው የሚያመርተው ተባለ፣ ግፊቱ ድንገት ይወጣል፣ ያልበዋል፣ ልቡ ይመታል። የሱም አይወረስም ማለት ነው?

መልስ፦ አይ፣ የሱ ሌላ ነው። ፌኦክሮሞሳይቶማ ይባላል፣ የሚነሳውም ከአድሬናል የውስጠኛው ክፍል ነው። ከነዚህ ሰዎች ሲሶ ያህሉ በዘር የሚተላለፍ የጂን ለውጥ አላቸው፣ ስለዚህ ወንድምህ የጂን ምርመራ ማድረግ አለበት፣ እሱ ላይ ለውጡ ከተገኘ አንተም ትመረመራለህ። እስከዛው ማንም ሰው ቱመሩን በመርፌ እንዳይነካው፣ ኦፕራሲዮንም ቢሆን አልፋ ብሎከር የሚባለውን መድኃኒት ቢያንስ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሳይወስድ እንዳይገባ፣ ግፊቱ ጠረጴዛው ላይ ሊያሻቅብ ይችላል።