ኤሊፍ የሚለው ስም ትርጉምና አመጣጥ
ጤና ይስጥልኝ። ለልጅዎ ሊያወጡላት ያሰቡት «ኤሊፍ» የተባለው የቱርክ ሴቶች ስም የመጣው ከዐረብኛው የመጀመሪያ ፊደል ከአሊፍ ሲሆን፣ ቱርኮችም እስከ 1928 እ.ኤ.አ. ድረስ ቋንቋቸውን የሚጽፉት በዐረብኛ ፊደላት ነበር። ትርጉሙን ለመረዳት የፊደሉን ቅርጽ ማየት ይጠቅማል፤ ቀጥ ብሎ የቆመ አንድ መስመር ስለሆነ፣ የአናቶሊያ (በእስያ ያለው የቱርክ ክፍል) ባለቅኔዎች ቁመናዋ ያማረ፣ ቀጠን ያለች ወጣትን በአሊፍ ይመስሏት ነበር። በሱፊዎች (የእስልምና መንፈሳዊ ምሥጢር ተከታዮች) ዘንድ ደግሞ አሊፍ «አላህ» የሚለው ስም የመጀመሪያ ፊደል በመሆኑና በቁጥርም አንድን ስለሚወክል የፈጣሪን አንድነት ያመለክታል፤ ለእኔ የስሙ ትልቁ ውበት ይህ ነው። ለእኛም ቢሆን ፈጽሞ ባዕድ አይደለም፤ በግእዝ «አ» የሚጠራበት «አልፍ» የሚለው ስያሜ የአሊፍ የሥጋ ዘመድ ነውና። ቱርኮች ወደ ላቲን ፊደል ከተሻገሩ በኋላም ስሙ አልተረሳም፤ ዛሬም ለሴት ልጆች በብዛት ይወጣል።