ቫይታሚን ወስዶ ባድሜንተን መጫወት እምነት ማጣት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። ባድሜንተን እጫወታለሁ፤ በሳምንት አራት ቀን እለማመዳለሁ። ሦስተኛው ጌም ላይ ስደርስ እግሬ ይከዳኛል። የቡድን ጓደኞቼ ቫይታሚንና ሰፕልመንት (በእንክብል ወይም በዱቄት የሚወሰድ ተጨማሪ ንጥረ ምግብ) ይወስዳሉ፤ «አንቺም ጀምሪ» ይሉኛል። ኅሊናዬ ግን አላረፈም። በጸሎት የምለምነውን ጉልበት ከብልቃጥ መፈለግ እምነት ማጣት አይሆንም? ማጭበርበርስ አይደለም? ጾም ላይስ እንዴት ላድርግ?

መልስ፦ ልጄ፣ እንኳን ጠየቅሽ። ብዙ ወጣት ይህን በልቡ ይዞ ዝም ይላል፤ ወይ ደብቆ ይውጣል።

ቫይታሚን መውሰድ ኃጢአት አይደለም። ጢሞቴዎስ ሆዱን ሲያመው ሐዋርያው ጳውሎስ «ጸልይ ብቻ» አላለውም፤ ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መከረው። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 መድኃኒትን ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር እንደሆነ፣ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ይነግረናል። በጸሎት የለመንሽው ብርታት በሐኪም እጅ ቢመጣ ሰጪው ያው እርሱ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የምትወስጂው ጎድሎሽ ነው ወይስ ፈርተሽ?

«እግሬ ይከዳኛል» ያልሽውን በቀላሉ አላለፍኩትም። ባድሜንተን ከሩቅ ለሚያየው ቀላል ይመስላል። የምትመታው ነገር 16 ላባ የተሰካባት፣ 5 ግራም ገደማ የምትመዝን ናት። እሷ ላይ ለመድረስ ግን ተጫዋቹ ወደ መረቡ በረጅም እርምጃ ይወረወራል፣ ጉልበቱን ያጥፋል፣ ሳይተነፍስ ወደ ኋላ ተመልሶ ይዘላል። ይህን ደጋግሞ ያደረገ እግር ሦስተኛው ጌም ላይ ቢዝል አይገርምም። ምናልባት እንቅልፍ አንሶሽ ይሆናል። ምናልባት ሳትበዪ ወይም በቂ ውኃ ሳትጠጪ ገብተሽ ይሆናል። የአይረን እጥረትም ሊሆን ይችላል፤ የወር አበባ በሚያዩ ሴቶች፣ በተለይ በስፖርተኞች ላይ፣ ብዙ ጊዜ ይታያል። ጨዋታው ነፋስ በሌለበት አዳራሽ ውስጥ ስለሆነ ፀሐይ ሳያገኝ የሚውል ተጫዋች ደግሞ ቫይታሚን ዲ ሊያንሰው ይችላል።

ይህን እኔም ሆንኩ ጓደኞችሽ በግምት አናውቀውም። የደም ምርመራ ይነግርሻል። ሐኪሙን ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን) ብቻ ሳይሆን ፌሪቲንም እንዲያይልሽ ጠይቂው፤ ፌሪቲን በሰውነትሽ ውስጥ የተቀመጠውን አይረን ያሳያል። አይረን ሳይጎድል መውሰድ ጉዳት አለው። ጎድሎሽ ከታዘዘልሽ ደግሞ ከሻይና ከቡና አርቀሽ ውሰጂው፤ ሁለቱም ወደ ደምሽ እንዳይገባ ይይዙታል።

አንድ ነገር በደንብ ያዢልኝ። ቫይታሚን በራሱ ጉልበት የለውም። ሰውነት ምግብን ወደ ጉልበት ሲለውጥ ያግዛል እንጂ። የጎደለ ካለ ይሞላል። ካልጎደለ ግን እላዩ ላይ መጨመር ፈጣን አያደርግሽም።

አንድ ወጣት ከቅዳሴ በኋላ ቦርሳውን ከፍቶ አምስት ብልቃጥ ፊቴ ደረደረልኝ። መነጽሬን አድርጌ ከጀርባቸው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አብረን አነበብን። ቫይታሚን ቢ6 ሦስቱ ላይ አለ፤ በሦስቱም ለአንድ ቀን ከሚያስፈልገው በላይ ነው። ልጁ ደነገጠ። ቢ6 ለረጅም ጊዜ ሲበዛ ነርቭ ይጎዳል፣ ጣት ያደነዝዛል። ራኬት የሚይዝ ሰው ጣቱ ቢደነዝዝ ምን ይውጠዋል! ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬም በሰውነት ውስጥ ስለሚጠራቀሙ «ቢበዛ በሽንት ይወጣል» የሚባለው ለሁሉም አይሠራም። ያ ልጅ ሰነፍ አልነበረም። ጓደኞቹ የሚወስዱት አንዱም እንዲቀርበት ስላልፈለገ ነው።

ወደ ማጭበርበሩ ልምጣ። ሐዋርያው በ2ኛ ጢሞቴዎስ 2፥5 በውድድር የሚታገል ሰው እንደ ደንቡ ካልታገለ አክሊል እንደማያገኝ ይናገራል። ስለዚህ ደንቡን ማወቅ አለብሽ። ቫይታሚን፣ አይረን፣ ፕሮቲንና ክሬቲን (ጡንቻ ለፈጣን እንቅስቃሴ የሚጠቀምበት ንጥረ ነገር) የተከለከሉ አይደሉም። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይንም ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በስፖርት ከተከለከሉ ነገሮች ዝርዝር ወጥቷል። ክሬቲን በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ሲወሰድ ለአጭርና ለፈጣን እንቅስቃሴ እንደሚያግዝ በደንብ ተጠንቷል፤ ውኃ ይዞ ክብደት ሊጨምርብሽ ግን ይችላል። እነዚህን በግልጽ የወሰደ ሰው አላጭበረበረም።

አደጋው ብልቃጡ ላይ ያልተጻፈው ነው። ማሌዥያዊው ሊ ቾንግ ዌይ በዓለም 1ኛ ደረጃ ላይ የነበረ ተጫዋች ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በኮፐንሃገን የዓለም ሻምፒዮና ላይ ሲመረመር ዴክሳሜታዞን የተባለ፣ በውድድር ጊዜ የተከለከለ መድኃኒት ተገኘበት። ጉዳዩን ያየው ሸንጎ ሊያጭበረብር እንዳላሰበ አመነ። የመድኃኒቱ ምንጭ ይወስደው የነበረው ሰፕልመንት የታሸገበት ካፕሱል መሆኑንም ተቀበለ። ቢሆንም ስምንት ወር ታገደ፤ የብር ሜዳሊያውም ተወሰደ። ደንቡ ሰውነትሽ ውስጥ ለተገኘው ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ ይላል። «አላወቅሁም» ማለት ቅጣት ያቀልል ይሆናል እንጂ ነጻ አያወጣም። ይህን ሳነብ ለሰውዬው አዘንኩ። በኋላ ተመልሶ በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ብር አግኝቷል፤ በታገደ ጊዜ የደረሰበትን ሐፍረት ሳስብ ግን ልቤ ይነካል።

ስለዚህ ከጓደኛ ቦርሳ የወጣ፣ ስሙ ያልተጻፈበት ዱቄት አትቅመሺ። የምትወስጂውን አሠልጣኝሽና ሐኪምሽ ይወቁት። ለማንም ማሳየት የሚያሳፍርሽ ነገር ካለ እሱን ተዪው።

ጾምን በተመለከተ ይህ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። ዌይ ፕሮቲን የሚባለው ዱቄት ወተት ነው። በዕቃው መልክ አንታለል፤ የፍስክ ነው። የካፕሱል ልባስ ብዙ ጊዜ ጄላቲን ነው፤ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ይወጣል። ከዕፅዋት የተሠራ ካፕሱልም ስላለ ማሸጊያውን አንብበሽ መምረጥ ትችያለሽ። ቢ12 ደግሞ ከእንስሳት ተዋጽኦ ውጪ በበቂ ስለማይገኝ ረጅም ጊዜ የሚጾም ስፖርተኛ ቢያስመረምር ደስ ይለኛል። እንክብሉ የሚዘጋጀው ከባክቴሪያ ስለሆነ ከጾሙ ጋር አይጋጭም።

ሐኪም ለሕመም ወይም ለእጥረት ያዘዘልሽ መድኃኒት ነው። ይህን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ ሰዓቱንም እሳቸው ይወስኑልሽ። ብዙዎቹን ከጾሙ ሰዓት በኋላ ከምግብ ጋር መውሰድ ይቻላል፤ ቫይታሚን ዲ እንዲያውም ከምግብ ጋር ይሻለዋል። የምትቆርቢ ቀን ከሆነ ከቅዳሴ በኋላ ይቆይ። ሳይታዘዝልሽ፣ ለብርታት ብቻ የምትፈልጊው ከሆነ ግን እንደ እኔ ከሆነ በጾም ተዪው። ልምምዱንም ቀለል አድርጊ። አንድ ወር በዝግታ መሮጥ ጨዋታሽን አያጠፋውም።

አሁን ወደዚያች ፍርሃት ልመልስሽ። ጳውሎስ ሁሉ ቢፈቀድለትም አንድም ነገር እንደማይሠለጥንበት ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፏል። ይህን በራስሽ ላይ እዪው። ብልቃጡን ቤት ረስተሽ አዳራሽ ደረስሽ እንበል። «እንግዲህ ዛሬ እንዲሁ እጫወታለሁ» ብለሽ ጫማሽን ታስሪያለሽ? ወይስ እጅሽ ይንቀጠቀጣል፣ ገና ሰርቭ ሳትመቺ ተሸንፈሻል? ሁለተኛው ከሆነ ችግሩ በደም ምርመራ አይገኝም። እሱን ይዘሽ ወደ ንስሐ አባትሽ ሂጂ። ስትሸነፊ ምን እንደሚሰማሽ፣ ማን ይንቀኛል ብለሽ እንደምትፈሪ ሳትደብቂ ንገሪያቸው። እኔ ብዙ ጊዜ ያየሁት ከብልቃጡ ጀርባ ይህ ሲቀመጥ ነው።

በዚህ ሳምንት ተመርመሪ። ውጤቱ እስኪመጣ አዲስ ነገር አትጀምሪ፤ አንድ ሰዓት ቀድመሽ ተኚ፣ ከልምምድ በፊት ብዪ። ጓደኞችሽ የሚወስዱትንም ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ከማውቀው ሐኪም ጋር አንብበን እንነግርሻለን።