በቅዱሳን ፊት የተንበረከኩት እነማን ናቸው?

ጥያቄ፦ በ16ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ላይ የዘመናቸውን ልብስ ለብሰው በእመቤታችን ፊት የተንበረከኩ ሰዎችን አያለሁ። ሥዕሉን ያሣሉት ባለጸጎች መሆናቸውን ሰምቻለሁ። ራስን ከቅዱሳን ጋር ማሣል ትዕቢት አይደለም?

መልስ፦ እንደ ሰሙት ነው፤ አብዛኞቹ የሥዕሉን ዋጋ የከፈሉ ሰዎች ናቸው። ልማዱ ግን ከዚያ ዘመን ይቀድማል። በቀደሙት ሥዕሎች ያሣለው ሰው ብዙውን ጊዜ በቅዱሳኑ እግር ሥር እንደ ሕፃን አንሶ ይታይ ነበር፤ በኋላ ግን በቁመት ከቅዱሳኑ ጋር ተካከለ፣ እነርሱ በቆሙበት ወለልና ብርሃን ውስጥም ገባ። ጥያቄዎን ያስነሣው ይህ መተካከል ይመስለኛል።

ቲዚያኖ ከ1519 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. ለቬኒስ የፍራሪ ቤተ ክርስቲያን የሣለው የፔዛሮ ቤተሰብ ሥዕል ጥርጣሬዎን ያጠናክር ይሆናል። ያሣሉት ጳጳሱ ያኮፖ ፔዛሮ በ1502 በግሪክ ደሴት በሳንታ ማውራ ኦቶማኖችን ድል ያደረገውን የሮማውን ፖፕ የመርከብ ጦር መርተው ነበርና፣ በሥዕሉ ላይ ከኋላቸው ሰንደቅ የያዘ ወታደርና የተማረከ ቱርካዊ ቆመዋል። በዚህ ውስጥ ኩራት የለም ልል አልችልም። ሆኖም መሠዊያው የቤተሰባቸው ነበር፤ በ1547 ሲያርፉም የተቀበሩት ከዚያው አጠገብ ነው። ስለዚህ የተንበረከከው ምስላቸው፣ እርሳቸው በሕይወት በማይኖሩበት ጊዜም ቅዳሴ በተቀደሰ ቁጥር በጸሎቱ ላይ እንዲገኝላቸው የተተወ ምትክ ነው። ከተንበረከኩት ዘመዶቻቸው መካከል አንድ ልጅ ብቻ ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሷል። እኔ ይህን ልጅ ባየሁት ቁጥር ለቤተሰቡ እንድንጸልይ የሚጠራን እርሱ እንደሆነ ይሰማኛል።

ቬሮኔዜ በ1571 ገደማ የኩቺና ቤተሰብን ሲሥል እኩልነቱን በመጠኑ ገድቦታል፤ ቤተሰቡን ከእመቤታችን በዓምዶች ለይቶ፣ በሴቶች አምሳል የተሣሉት እምነት፣ ተስፋና ፍቅር እንዲያቀርቧቸው አድርጓል።

ለጥያቄዎ ከሁሉ የተሻለውን መልስ የማገኘው ግን ሆልባይን ከ1526 ጀምሮ በባዝል ለያኮብ ማየር በሣለው ሥዕል ውስጥ ነው። የከተማው ከንቲባ የነበረው ማየር፣ ዙሪያው ወደ ፕሮቴስታንቶች ተሐድሶ ሲያዘነብል በካቶሊክነቱ ጸንቷል፤ በ1529 የባዝል ሕዝብ የአብያተ ክርስቲያናቱን ሥዕሎች ሲያወድም ይህኛው ተርፏል። በአንዱ ወገን ማየር፣ በሌላው ወገን ሦስት ሴቶች ተንበርክከዋል፤ ሴት ልጁ አና፣ በሕይወት ያለችው ሚስቱ ዶሮቴያና የመጀመሪያ ሚስቱ ማግዳሌና። ማግዳሌና ያረፈችው በ1511 ነው። ሥዕሉ ሲጀመር ከሞተች አሥራ አምስት ዓመት ሆኗት ነበር፤ ነገር ግን ከሦስቱ ሴቶች ለእመቤታችን ይበልጥ የቀረበችው እርሷ ናት። ይህን ትዕቢት ብሎ መጥራት ለእኔ ይከብደኛል።