በረንዳውን በመስታወት እንዝጋው?

ጥያቄ፦ እስራኤል ውስጥ፣ ነታንያ ከተማ 3ኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። ሳሎኑም በረንዳውም ፊታቸው ወደ ባሕሩ፣ ወደ ምዕራብ ነው። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ይግላል። ወፍራም መጋረጃ ብንሰቅልም ለውጥ የለውም፤ ማዝጋኑ (የአየር ማቀዝቀዣው) ቀንና ሌሊት እየሠራ ሂሳቡ ከበደን። ባለቤቴ በረንዳውን በመስታወት አስዘግተን ሳሎኑን እናስፋው ይላል። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ እባክዎ በረንዳውን አይዝጉት። በመስታወት የተዘጋ የምዕራብ በረንዳ ከሰዓት በኋላ ምድጃ ነው የሚሆነው፤ የባሕሩ ነፋስ የሚገባበትንም በር ይደፍናል።

መጋረጃው ያልረዳዎት ውስጥ ስለተሰቀለ ነው። ፀሐይዋ መስታወቱን አልፋ ገብታ መጋረጃውን ታግለዋለች፤ እሱም ሙቀቱን መልሶ ለክፍሉ ይሰጣል። ፀሐይን መያዝ የሚገባው ከመስታወቱ በስተውጭ ነው።

ከመስኮት በላይ የሚወጣ ክዳንም ለእርስዎ አይበቃም። በዚያ አካባቢ በሰኔ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ 81 ዲግሪ ያህል ከፍ ስለምትል፣ በደቡብ በኩል 50 ሳንቲ ሜትር የወጣ ክዳን 3 ሜትር ያህል ግድግዳ ያጠላል። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ግን ፀሐይዋ በምዕራብ ወደ 30 ዲግሪ ዝቅ ትላለች፤ ያው ክዳን 30 ሳንቲ ሜትር እንኳን አይሸፍንም። ስለዚህ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ትሪስ (ባለ ሰሌዳ የውጭ መከለያ) በበረንዳው ጠርዝ ላይ ያስተክሉ። ቀለሙ ነጣ ያለ፣ ሰሌዳዎቹ የሚዘነበሉ ይሁኑ፤ የጋለው አየር እንዲወጣ ከላይ 10 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ያስተዉ። ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ያውርዱት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ያንሱት። የሕንፃውን ፊት ስለሚነካ አስቀድመው የሕንፃውን ኮሚቴ ያነጋግሩ፤ ፈቃድ የሚያስፈልግ መሆኑንም ይጠይቁ።

ቀጥሎ ነፋሱ። ነፋስ መውጫ ካላገኘ አይገባም። የበረንዳው በር መግቢያ ከሆነ፣ በምሥራቅ በኩል ያለው የመኝታ ቤት ወይም የማእድ ቤት መስኮት ቢያንስ የመግቢያውን ያህል ስፋት ይከፈት። ብዙ ቤት ነገሩ የሚበላሸው መሐል ላይ ነው፤ የመኝታ ቤቱ በር በነፋሱ እየተላተመ ስለሚያስቸግር ይዘጋል፣ መንገዱም ያኔ ይቆረጣል። በሩን በመንጠቆ ግድግዳው ላይ ይያዙት። ለመፈተን ቀጭን የሶፍት ቁራጭ በምሥራቁ መስኮት ላይ በክር ያንጠልጥሉ፤ ወደ ውጭ ከተኛ መንገዱ ክፍት ነው፣ ቀጥ ብሎ ከተንጠለጠለ አንድ ቦታ ተዘግቷል።

ሻራቭ (ከበረሃ የሚመጣው ደረቅና ሞቃት ነፋስ) በሚነፍስባቸው ቀናት ግን ተቃራኒውን ያድርጉ፦ ቀን ሁሉንም ዝጉ፣ ሌሊት ክፈቱ። የጣሪያ ማራገቢያም ይረዳችኋል። ማራገቢያ የሚያቀዘቅዘው ሰውን እንጂ ክፍሉን አይደለምና ከክፍሉ ስትወጡ አጥፉት።

ጥያቄ፦ የምንኖርበት ሕንፃ እንደ ቴል አቪቭ የድሮ ቤቶች በምሰሶ ላይ የቆመ ነው። ነዋሪዎቹ ከሥር ያለውን ክፍት ቦታ ከልለው መጋዘን ሊያደርጉት አስበዋል። ክፍት የተተወው ለምን ነበር?

መልስ፦ በቴል አቪቭ ይህን አሠራር ያስጀመረው በ1933 በሮትሺልድ ጎዳና ላይ የተሠራውና አርክቴክት ዜኤቭ ሬክተር የነደፈው የኤንግል ቤት ነው። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፦ የባሕሩ ነፋስ በሕንፃው ሥር አልፎ ከኋላ ላሉት ቤቶች ይደርሳል፣ ግቢው ከመንገዱ ጋር ይገናኛል፣ ልጆችም በጠራራ ፀሐይ የሚጫወቱበት ጥላ ያገኛሉ። ቡና ይዘው የሚወርዱ እናቶች ጎረቤት የሚያገኙትም እዚያው ነው። ግድግዳ ሲቆምበት ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጠፋል፤ መጋዘኑ የሚያተርፈው ጥቂት ካሬ ሜትር ብቻ ነው።

ዕቃ ማስቀመጫ የግድ ካስፈለገ በደረጃው ዙሪያ ብቻ ይሠራ፤ ምዕራቡና ምሥራቁ ፊት ለፊት ክፍት ይቅሩ። ለብስክሌት ከሆነ ግንብ ሳይሆን ነፋስ የሚያሳልፍ የብረት ፍርግርግ ይበቃል። አግዳሚ ወንበር ስታስቀምጡ ወደ ምሥራቁ ጠርዝ አስጠጉት፤ ከሰዓት በኋላ ጥላው የሚቆየው በዚያ በኩል ነው።