ልጄን ከትምህርት ቤቱ ጸሎት ላስወጣው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው እንግሊዝ አገር ነው። የ6 ዓመት ልጄን ለቤታችን ስለሚቀርብ ቸርች ኦፍ ኢንግላንድ (የእንግሊዝ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን) ትምህርት ቤት አስገባሁት። በየቀኑ አዳራሽ ተሰብስበው ሻማ ይበራል፣ ይዘምራሉ፣ ይጸልያሉ። እኛ ኦርቶዶክስ ነን። ባለፈው ማታ ሲጸልይ ማማተቡን ትቶ እጁን አጣምሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሳየው ደነገጥኩ። ባለቤቴ «እነሱም ክርስቲያን ናቸው፣ ምን አለበት?» ይላል። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ላስወጣው እችላለሁ? ባስወጣውስ ጥርስ ይነክሱበት ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ድንጋጤሽ ይገባኛል። እኔም ብሆን እደነግጥ ነበር።

ማስወጣት ትችያለሽ። በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደሩ ትምህርት ቤቶች በየቀኑ የጋራ አምልኮ እንዲያደርጉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1944ቱ ሕግ ጀምሮ ታዟል፤ ወላጅ ልጁን ከዚያ የማስወጣት መብቱም አብሮ አለ። አሁን የሚሠራበት የ1998ቱ ሕግም ከሙሉው ወይም ከከፊሉ ማስወጣት ይፈቅዳል። ለምን ብለሽ ማስረዳት የለብሽም። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት መሆኑም ይህን አይለውጠውም። በዚያ ሰዓት ልጁን የመጠበቅ ኃላፊነቱም የእነሱ ነው። መብትሽን ነው የምትጠይቂው፣ ስለዚህ ቂም ይይዙብኛል ብለሽ አትሳቀቂ።

ግን ደብዳቤ ከመጻፍሽ በፊት ሄደሽ እዪው። ለርዕሰ መምህሯ «አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ማየት እፈልጋለሁ» በያት። ብዙ ቦታ ሻማው ሲለኮስ መሪው «ጌታ ከእናንተ ጋር ይሁን» ይላል፣ ልጆቹም «ከአንተም ጋር» ብለው ይመልሳሉ። ይሄ እኮ ቅዳሴ ላይ ካህኑ «እግዚአብሔር ምስለ ኵልክሙ» ሲሉ «ምስለ መንፈስከ» የምንለው ነው! ከዚያ አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ፣ አንድ መዝሙር፣ አጭር ጸሎት፣ አለቀ። የቸርች ኦፍ ኢንግላንድ መመሪያ ራሱ ጸሎቱ ግብዣ እንጂ ግዴታ እንዳይሆን ይላል፤ ለዚህ ነው መሪው «ይህ ጸሎት የእናንተም እንዲሆን ከፈለጋችሁ አሜን በሉ» የሚለው። ልጅሽ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ማንም አይቆጣውም።

እኔ ብሆን ሙሉ በሙሉ አላስወጣውም። የክፍል ጓደኞቹ ተሰልፈው ወደ አዳራሽ ሲገቡ እሱ ብቻውን ከአንዲት ረዳት መምህርት ጋር ላይብረሪ ሲቀመጥ፣ ያውም በየቀኑ፣ በ6 ዓመቱ «እኔ ምን አጠፋሁ?» ማለቱ አይቀርም። ሙሉ በሙሉ የሚያስወጡ ቤተሰቦች አሉ፣ ለእነሱ ትክክል ሊሆን ይችላል። ለእናንተ ግን ከፊሉ ይበቃል ባይ ነኝ። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች አልፎ አልፎ ቁርባን ያለበት ሥርዓት ያደርጋሉ። እዚያ ላይ ቆፍጠን በይ፤ ልጁ እንደማይቆርብ በጽሑፍ አሳውቂ፣ ካስፈለገም ከዚያኛው ብቻ አስወጪው።

ማማተቡን ማንም አልከለከለውም። መምህሯ «እጅ አጣምሩ፣ ዓይን ጨፍኑ» ስትል እንደ ጓደኞቹ አደረገ፣ በቃ። እኛ ስንጸልይ እንደምናማትብ ንገሪያት። ልጁንም «አዳራሽ ውስጥም አማትብ» በዪው፣ ማታ ደግሞ ከአባቱ ጋር ሆናችሁ አቡነ ዘበሰማያትን አብራችሁት በሉ።

አንድ ያልጠየቅሽኝ ነገር ልጨምር። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ነው፤ ብዙ ጊዜ ትምህርት ከተከፈተ በኋላ ይውላል። ሕጉ የወላጅ ሃይማኖት ለበዓል በለየው ቀን ልጅ መቅረት እንደሚችል ስለሚያውቅ፣ ለዲሴምበሩ ዕረፍት ከመዘጋታቸው በፊት ለትምህርት ቤቱ ጽፈሽ አስገቢ።