ጾመኛ ሆኜ ኮሌስትሮሌ ለምን ከፍ አለ? ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን አነበብኩት። አባትሽ በ49 ዓመታቸው በልብ ሕመም አርፈዋል። አንቺ ቀጭን ነሽ፣ ጾም አትገድፊም፤ ኤልዲኤልሽ (መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል) ግን 215 ወጣ። «ምን በልቼ ነው?» ብለሻል። የእኔም ቁጥር ከዚሁ አይርቅም፤ ስለዚህ «ጮማ ተዪ» ምናምን አልልሽም።

1. ሐኪሙ ባይጠይቅሽም የቤተሰብሽን ታሪክ ራስሽ ተናገሪ። እኔን ያየኝ ሰውዬ ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ቅቤና ጥብስ ቀንሺ» አለኝ። በዐቢይ ጾም! እየጾምኩ ነው ስለው «እሺ፣ ቀጣዩን ጥሪልኝ» አለ። ስለ አባቴ አንድ ቃል ቢጠይቀኝ እዚያው ይገባው ነበር። አባታችን ከተረከዙ በላይ ያለው ጅማት አብጦ ጠንክሮ ነበር። አዲስ ጫማ ሁሉ ከኋላ ይፍቀዋል። እኛ መቆም ያመጣው ይመስለን ነበር። በኋላ ያገኘኋት ሐኪም፣ እግዜር ይስጣትና፣ ይህን ስነግራት ጎንበስ ብላ የእኔንም ጅማት በጣቷ ዳሰሰች። ለካ ኮሌስትሮል እዚያም ይከማቻል።

ነገሩ የዘር ነው። ጉበት ላይ ኤልዲኤልን ከደም የሚለቅሙ መቀበያዎች አሉ። ዘረመሉ ከተበላሸ መቀበያዎቹ ያንሳሉ ወይም በደንብ አይሠሩም። ከ250 ሰው አንዱ ገደማ ይህ አለበት። አንድ ወላጅ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ሥጋ ባትበዪም ጉበትሽ ራሱ ኮሌስትሮል ይሠራል።

2. ታዲያ ምግብ ምን አገባው እንዳትዪ። የጾም ሽሮ ብለን በሚረጋው የፓልም ዘይት እናቁላላዋለን። ዘይቱ ኮሌስትሮል የለውም፤ ግን ግማሹ ገደማ የሚረጋ ቅባት ነው። እሱ ደግሞ ያሉትን ጥቂት መቀበያዎች ይበልጥ ያዳክማል። ዘይቱን ቀየርኩ፣ አጃና ምስር አበዛሁ፤ ወረደ፣ ግን ትንሽ። ቁጥሩን በደንብ ያወረደው ሐኪሟ ያዘዘችልኝ አቶርቫስታቲን የሚባል የኮሌስትሮል ኪኒን ነው። ጎረቤት «ኪኒን ከጀመርሽ ዕድሜ ልክሽን ነው» ይልሻል። አዎ ነው፤ ምን ይጠበስ! ለማርገዝ ካሰብሽ ግን ቀድመሽ ለሐኪምሽ ንገሪ።

ወንድም እህቶችሽንም አስመርምሪ፤ ልጆች ካሉሽም እንዲሁ። የእኔ ታናሽ ጂም የሚውል፣ «እኔ ምን ሆኜ» ባይ ነበር። እየጎተትኩ ወሰድኩት፤ ቁጥሩ ከእኔ በልጦ ተገኘ። ሲጋራውንም አስጥዬዋለሁ፣ ልኩራበት።

የላብራቶሪ ወረቀትሽን ደግሞ ፎቶ አንስተሽ ያዢ። የእኔን የካርድ ክፍል ሰዎች አጥፍተውት፣ ይቅርታ እንኳ ሳይሉ «እንደገና ክፈይና ተመርመሪ» ብለውኛል።