ኮርያ፦ ገባር ወይስ ነጻ አገር?

ጥያቄ፦ አያቴ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ወደ ኮርያ ከዘመቱት አንዱ ስለነበሩ ስለዚያች አገር ታሪክ ማንበብ እወዳለሁ። ነገር ግን ጃፓን በ1876 የኮርያን ነጻነት በውል ካረጋገጠች በኋላ በ1910 ጠቅልላ የራሷ ግዛት ማድረጓ ሊገባኝ አልቻለም። ቻይናስ ኮርያን በዓለም አቀፍ ሕግ ፊት ምን ብላ ትቆጥራት ነበር? በቅርቡ ሴኡልን የማየት ዕድል ስላገኘሁ፣ የዚህ ታሪክ ምልክት እዚያ ይገኝ እንደሆነም ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል። (አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ እርስዎ እንዳደረጉት እኛም በዚህ መልስ በአውሮፓውያን የዘመን አቆጣጠር እንጠቀማለን።

የኮርያ ነገሥታት ለብዙ ዘመን ለቻይና ንጉሠ ነገሥት ግብር ይልኩ፣ አዲስ ንጉሥ ሲነግሥም ማረጋገጫውን ከቤጂንግ ይቀበሉ ነበር። ሕግ የሚያወጡት፣ ቀረጥ የሚሰበስቡትና ጦራቸውን የሚያዙት ግን ራሳቸው ነበሩ። ፈረንሳይ በ1866፣ አሜሪካም በ1871 የጦር መርከቦቻቸውን ወደ ኮርያ በላኩ ጊዜ፣ ቻይና ኮርያ ገባሯ ብትሆንም ጉዳይዋን የምትወስነው ራሷ እንደሆነች አስታወቀች። ይህ መልስ ለጊዜው ኃላፊነትን ከራስ ላይ ለማውረድ የተመቸ ቢሆንም በኋላ መዘዝ አመጣባት።

በ1876 በጋንግሁዋ ደሴት የተፈረመው ውል አንደኛ አንቀጽ፣ ኮርያ ራሷን የምታስተዳድር አገር እንደሆነችና ከጃፓን ጋር እኩል መብት እንዳላት ይናገራል። የኮርያ ሹማምንት በዚህ ቃል ውስጥ ያዩት የለመዱትን ነገር ነው፤ በእነርሱ ዘንድ ገባር መሆንና ራስን ማስተዳደር አይጋጩም ነበርና። ጃፓን ግን ያንኑ ቃል በአውሮፓውያን ሕግ መዝና፣ ኮርያ ከእንግዲህ የቻይና ጥገኛ አይደለችም ብላ ተረጎመችው። የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ይሁን እንጂ በውጫሌ አማርኛውና ጣልያንኛው የተለያየ ነገር ሲናገሩ፣ በጋንግሁዋ ግን ለሁለት የተከፈለው የአንድ ቃል ትርጉም ነው።

ቻይና ይህን ስትረዳ ለቀቅ አድርጋ የያዘችውን ገመድ ማጥበቅ ጀመረች። በ1882 ጦሯን ወደ ሴኡል አስገባች፤ በዚያው ዓመት ባወጣችው የንግድ ደንብም የኮርያን ገባርነት በጽሑፍ አሰፈረች። ኮርያ በዚያ ዓመት ከአሜሪካ ጋር ስትዋዋል ቻይና የገባርነቱ ነገር በውሉ ውስጥ እንዲገባ ብትፈልግም፣ አሜሪካኖቹ እምቢ በማለታቸው ንጉሡ ለብቻው በተጻፈ ደብዳቤ እንዲገልጹት ተደረገ።

ክርክሩ በአንድ ሰው ላይ ያስከተለውን ለማየት የፓክ ጆንግያንግን ጉዳይ መመልከት ይበቃል። ፓክ በ1887 በዋሽንግተን የመጀመሪያው የኮርያ ሚኒስትር (የመንግሥት መልእክተኛ) ሆነው ሲሾሙ ቻይና ሦስት ግዴታ ጣለችባቸው፦ እንደደረሱ አስቀድመው ወደ ቻይና ለጋሲዮን (የመልእክተኛው ጽሕፈት ቤት) ሄደው በቻይናው ሚኒስትር አቅራቢነት እንዲተዋወቁ፣ በግብዣ ላይ ከእርሱ ዝቅ ብለው እንዲቀመጡ፣ ከባድ ጉዳይ ሲገጥማቸውም አስቀድመው እንዲያማክሩት። እርሳቸው ግን ትእዛዙን ወደ ጎን ትተው በ1888 መጀመሪያ የሹመት ደብዳቤያቸውን ለፕሬዚዳንት ክሊቭላንድ ራሳቸው አቀረቡ። ቻይና በቁጣ ስለጠየቀችም ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ተደረገ። እኔ ይህን ድፍረታቸውን ከብዙ ውሎች አብልጬ አደንቃለሁ። የንጉሡ አማካሪ የነበሩት አሜሪካዊው ኦወን ዴኒም በዚያው ዓመት፣ ግብር መክፈል ብቻውን ሉዓላዊነትን እንደማያሳጣ በጽሑፍ ተከራክረዋል፤ በጊዜው የታወቁት የሕግ ሊቃውንትም የሚሉት ይህንኑ ነበር።

ቻይና ከጃፓን ጋር ባደረገችው ጦርነት ተሸንፋ በ1895 የሺሞኖሴኪን ውል ስትፈርም፣ የመጀመሪያው አንቀጽ የኮርያን ሙሉ ነጻነት እንድትቀበልና ግብሩም እንዲቀር አደረገ። ከዚያ በኋላ ይህ ነጻነት በየውሉ ተደጋግሟል፦ ጃፓንና ሩሲያ በ1898፣ ጃፓንና እንግሊዝ በ1902 አረጋግጠውታል፤ በ1904ም ጃፓን ለኮርያ ራሷ ዋስትና ሰጠች። በእኔ እምነት የጥያቄዎ መልስ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጃፓን የኮርያን ነጻነት ስታውጅ የሌላ ኃይል እጅ እንዳይገባባት እየከለከለች ነበር እንጂ የራሷን እጅ እየሰበሰበች አልነበረም። ቻይናና ሩሲያ ከተሸነፉላት በኋላ ግን ቃሉ አላስፈለጋትም፤ እንግሊዝና ጃፓን በ1905 ባደሱት ውል ውስጥ የኮርያ ነጻነት አልተነሣም። በዚያው ዓመት በኖቬምበር፣ ቤተ መንግሥቱ በጃፓን ወታደሮች ተከቦ ሳለ፣ የኮርያን የውጭ ጉዳይ ለጃፓን የሚያስረክብ ውል ተፈረመ። ንጉሠ ነገሥት ጎጆንግ አላጸደቁትም።

ጎጆንግ በ1907 ሦስት መልእክተኞችን በምስጢር ወደ ሄግ የሰላም ጉባኤ ላኩ። ኮርያ የውጭ ጉዳይ ሥልጣን የላትም ተብሎ በሩ ተዘጋባቸው፤ ንጉሠ ነገሥቱም በዚህ ሰበብ ዙፋናቸውን ተነጠቁ። በ1910 ኮርያ ተጠቀለለች። በ1965 ደቡብ ኮርያና ጃፓን ሲታረቁ የቀድሞዎቹ ውሎች «ቀድሞውኑ ፈራሽ» መሆናቸውን ጻፉ፤ ደቡብ ኮርያ ይህን ከተፈረሙበት ቀን ጀምሮ ማለት ነው ስትል፣ ጃፓን በጊዜያቸው ሕጋዊ ነበሩ ትላለች።

ሴኡል ሲደርሱ የነጻነት በር የተባለውን የድንጋይ ሐውልት ይጎብኙ። ብዙ ሰው ከጃፓን ነጻ የመውጣት መታሰቢያ ይመስለዋል፤ የተሠራው ግን በ1897፣ ከቻይና ገባርነት መላቀቅን ለማሰብ ነው። ከፊት ለፊቱ ሁለት የድንጋይ ምሰሶዎች ቆመው ያያሉ። እነርሱም የቻይና መልእክተኞች ይገቡበት ከነበረው፣ ከፈረሰው የአቀባበል በር የተረፉ ናቸው።